ምክር እሻለሁ፦ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ሚ»፣ «ፈርስት» እና «ሰከንድ» የሚባሉት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት

እንግዳ ተቀባይዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስሠራ ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ወደ ላሊበላ የሚያልፉ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለማየት የሚመጡ፣ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ የውጭ አገር ሰዎች እኛ ዘንድ ያድራሉ፤ መግባቢያችንም እንግሊዝኛ ነው። ቋንቋውን ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ ተምሬዋለሁ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ደግሞ ሌላውንም ትምህርት የተማርኩት በእሱ ነበር። ረጃጅሞቹ ቃላት አያስቸግሩኝም። የሚያስቸግሩኝ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ቱ»፣ «ሚ»፣ «ማይ» የሚባሉት ናቸው፤ ከእነሱ ጋር «ፈርስት» ወይም «ሰከንድ» ሲጨመርማ ምላሴ ይተሳሰራል።

ባለፈው ወር በዕድሜ የገፉ አንድ አሜሪካዊ ከባለቤታቸው ጋር አመሻሽ ላይ ደረሱ። ክፍላቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ሦስተኛው በር ነበር። ቁልፉን እየሰጠሁ «ዩር ሩም ኢዝ ኢን ሰከንድ ፍሎር፣ ሰርድ ዶር ፍሮም ሌፍት» አልኳቸው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሻንጣ የሚያደርስላቸው ልጅ የእጅ ባትሪ ፍለጋ ሲሄድ እነሱ ቀድመው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ሮጬ ብደርስ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆመው የሌላ እንግዳ በር ይታገላሉ፤ ውስጥ ያሉት ሴት ደንግጠው «ማነው?» ይላሉ። ይቅርታ ስጠይቅም «አይ ዊል ኤክስፕሌን ዩ» አልኩና ሰውየው በለሆሳስ «ኤክስፕሌን ቱ አስ» ብለው አረሙኝ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አነጋሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በአማርኛ «በ» ብቻ ብለን የምንገላገለውን እንግሊዝኛ ለምን ለሦስትና ለአራት ይከፍለዋል? «ቴል ዩ» ትክክል ሆኖ ሳለ «ኤክስፕሌን ዩ» ለምን ስህተት ይሆናል? «ዘ» ደግሞ አንዳንዴ ከ«ፈርስት» ፊት ይቆማል፣ አንዳንዴ ይጠፋል፤ መቼ መቼ ነው? አንድ በአንድ ከመሸምደድ ሌላ መንገድ ካለ ብታሳዩኝ ውለታችሁን አልረሳም።


ጡረታ የወጡ መምህር (ወልድያ)

ልጄ፣ አብሽሪ። በሩ ላይ የተፈጠረው ነገር ሁሉም ያንቺ ጥፋት አይደለም። አሜሪካውያን ከመሬት ጋር እኩል የሆነውን ወለል «ፈርስት ፍሎር» ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን እሱን «ግራውንድ ፍሎር» ብለው «ፈርስት» ማለት የሚጀምሩት ከእሱ በላይ ካለው ነው። እኛ አገር የምንቆጥረው እንደ እንግሊዞቹ ስለሆነ ያንቺ ሁለተኛ ፎቅ ለእሳቸው ሦስተኛ ነው። ሰውየው የሰሙትን በትክክል ፈጽመዋል። ለአሜሪካዊ እንግዳ «ቱ ፍሎርስ አፕ ፍሮም ሂር» ብለሽ ብትጨምሪበት ጨለማም ቢሆን አይሳሳቱም።

ያንቺ ድርሻ የሆነው «ኢን» ማለትሽና «ዘ»ን መተውሽ ነው። ፎቅ በእንግሊዝኛ ሰው የሚቆምበት ገጽ ሆኖ ስለሚታይ «ኦን ዘ ሰከንድ ፍሎር» ይባላል፤ ክፍል ግን ዙሪያውን ይከልላልና «ኢን ዘ ሩም» ይባላል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር አንቺ ያነሳሻቸው ስህተቶች ከክፍል ክፍል ሳይለወጡ ሲመጡ አይቻለሁ፤ ምክንያታቸው የገባኝ ግን እንግሊዝኛውን ለጊዜው ትቼ አማርኛውን መመርመር ስጀምር ነው። አማርኛ ተውላጠ ስሙንም መስተዋድዱንም ግሱ ውስጥ ይከታቸዋል። «ፈረደ» ከሚለው ግስ ተነሺ። «ፈረደልኝ» ስትዪ «ል» ፍርዱ ለእኔ መሆኑን፣ «ፈረደብኝ» ስትዪ «ብ» በእኔ ላይ መሆኑን ትናገራለች፤ «ኝ» ደግሞ እኔን ታመለክታለች። አንዲት ፊደል በመለወጧ አንዱ ከችሎት በእልልታ ይወጣል፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሥራ ከግሱ ውጪ በተለያዩ ቃላት ይሠራዋል፤ አንዱን «ፎር ሚ»፣ ሌላውን «አጌንስት ሚ» ይላል።

ችግሩ የሚመጣው አማርኛው «ል»ንም «ብ»ንም በማያሳይበት ቦታ ነው። «ጠብቀኝ»፣ «ስማኝ»፣ «አስረዳኝ»፣ «ንገረኝ» የሚሉት አራቱም መልካቸው አንድ ነው፤ «ኝ» ብቻ ጨምረው ያበቃሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ዌት ፎር ሚ»፣ «ሊስን ቱ ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ»፣ «ቴል ሚ» ይሆናሉ። ሦስቱ መስተዋድድ ይፈልጋሉ፣ አራተኛው አይፈልግም። ስለዚህ «ዌት ሚ» ብሎ የሚጮኽ ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ «ጠብቀኝ»ን በታማኝነት ቃል በቃል አስተላልፎ ነው። «ሂ ሴድ ሚ» የሚለውም እንዲሁ «አለኝ»ን ነው የጻፈው፤ ትክክሉ «ሂ ቶልድ ሚ» ወይም «ሂ ሴድ ቱ ሚ» ነው። ይህን ስታውቂ መሸምደድ ያለብሽ ሁሉንም ግስ ሳይሆን አማርኛው በ«ኝ» ብቻ የሚያልፋቸውን፣ እንግሊዝኛው ግን መስተዋድድ የሚጠይቅባቸውን ጥቂት ግሦች ብቻ ይሆናል።

በተቃራኒው አማርኛው መስተዋድድ አስቀምጦ እንግሊዝኛው ባዶ የሚተወውም አለ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት ዘ ማተር» እንላለን፤ «አባውት» መውጣት አለበት። «ወደ ክፍሉ ገቡ» ስለምንል «ኢንተርድ ቱ ዘ ሩም» እንላለን፤ እዚያም «ቱ» አያስፈልግም። «ከእሱ ጋር ተጋባች» የሚለው ደግሞ መስተዋድዱን ይለውጣል እንጂ አይጥልም፤ «ሺ ኢዝ ሜሪድ ቱ ሂም» ይባላል፣ «ዊዝ» አይባልም።

«ብ» ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ቋንቋዎች ባልተጠበቀ ቦታ ተገናኝተው የሚያስደስቱኝ እዚህ ላይ ነው። «ስልኬ ባትሪ ጨረሰብኝ» ስንል «ብኝ» ጉዳቱ በእኔ ላይ መድረሱን ይገልጻል። እንግሊዞችም «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» ይላሉ፤ ያ «ኦን ሚ» የእኛው «ብኝ» ነው፣ ስልኩ ከሰውየው ጫማ ወይም ራስ ላይ መሆኑን አይናገርም። ወዳጁን ጋብዞ «ሂሳቡ በእኔ ነው» የሚለውም «ኢት ኢዝ ኦን ሚ» ይላል።

ሌላው እንቅፋት «እኔ» በአማርኛ መልኳን አለመለወጧ ነው። «እኔ መጣሁ»፣ «ከእኔ ጋር»፣ «ለእኔ»፤ የትም ብትሄድ «እኔ» ናት። እንግሊዝኛ ግን ባለቤት ሲሆን «አይ»፣ ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ «ሚ» ይላል። «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» የሚለውን ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹም ብዙዎቹ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» እያሉ ይስቱታል፤ አንቺ ግን «ሚ»ን ያዢ።

ስለ «በ» የጠየቅሽው ረጅም ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ላሳይሽና ልለፈው። «በመኪና መጣሁ» ሲባል «ባይ ካር» ነው። «በመኪናዬ መጣሁ» ሲባል ግን «ባይ ማይ ካር» ሳይሆን «ኢን ማይ ካር» ይሆናል። «ባይ» የሚሠራው መኪናው የማንም ያልሆነ፣ የመጓጓዣ ዓይነት ብቻ ሆኖ ሲነገር ነው፤ «ማይ» እንደገባች መኪናው በር ያለው፣ ሰው የሚገባበት የተለየ ዕቃ ይሆናልና «ኢን» ይመጣል። አንዲት ተውላጠ ስም መስተዋድዱን ስታፈናቅል እያየሽ ነው። እኔ ቃላቱን ለየብቻቸው አታጥኚ የምለው ለዚህ ነው። ደብተርሽ ላይ «ዌት = ጠበቀ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ዌት ፎር ሚ፤ ጠብቀኝ» ብለሽ ሰው ያለበት ሐረግ አድርገሽ ጻፊው።

ስለ «ዘ» ደግሞ፦ «ፈርስት»፣ «ሰከንድ» እና የመሳሰሉት ከስም ፊት ሲመጡ ፊታቸው ያለው ቦታ ባዶ እንዲሆን አይወዱም። ወይ «ዘ»፣ ወይ «ማይ»፣ «ዩር»፣ «ሂስ» ከሚባሉት አንዱ ይቀመጥበታል፤ ሁለት ግን አያስተናግድም። በአማርኛ «ሁለተኛው ልጄ» ስንል «ው»ም «ዬ»ም አብረው ይኖራሉ፤ ተማሪዎቼ «ዘ ሰከንድ ማይ ቻይልድ» ብለው የሚጽፉት ከዚህ ተነሥተው ነው። «ማይ ሰከንድ ቻይልድ» ሲባል «ው» የተወጠችው በ«ማይ» ውስጥ ነው።


አስጎብኚ ነኝ (ላሊበላ)

መምህር ያሉት ለእኔም ዘግይቶ የደረሰ ትምህርት ነው። እኔ በየቀኑ የምጠቀምበትን ስለ ግራና ቀኝ ልጨምር፣ እህቴ ከተሳሳተችባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነውና።

«ሰርድ ዶር ፍሮም ሌፍት» ስትዪ እንግዳው በሮቹን ፊት ለፊቱ ተደርድረው ያያቸዋል፤ ከግራ ጫፍ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይቆጥራል። ይህ የሚሆነው «ዘ ሰርድ ዶር ፍሮም ዘ ሌፍት» ሲባል ነው። ኮሪደር ውስጥ እየሄደ በግራ እጁ በኩል የሚያገኘውን ሦስተኛ በር ለማለት ግን «ዘ ሰርድ ዶር ኦን ዩር ሌፍት» ማለት ያስፈልጋል። «ፍሮም» መቁጠሪያው የሚጀምርበትን ጫፍ ይነግራል፤ «ኦን ዩር» የሰውየውን ወገን ይነግራል። «ዩር» ባትኖር ደግሞ የማን ግራ እንደሆነ ይጠፋል። እኔ ሰዎቹን ፊት ለፊት አይቼ ስለምቆም የእኔ ግራ የእነሱ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «ኦን ዩር ሌፍት» እያልኩ እጄን በእነሱ ግራ በኩል እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ ለእጄም ለምላሴም ከብዶኝ ነበር።

የእኔን ስህተትም ልንገርሽ። ብዙ ጊዜ ጉብኝቱን የምጀምረው ከቤተ መድኃኔ ዓለም ነው። እንደምታውቂው ጫማ ይወለቃል። አንድ ቀን ለአንዲት አሮጊት እንግዳ ጫማቸውን እኔ እንደምጠብቅላቸው ልነግራቸው ፈልጌ «ሊቭ ዩር ሹስ ቱ ሚ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀጥ ብለው አዩኝ። ለካስ «ሊቭ ... ቱ ሚ» ማለት አውርሱኝ ማለት ሊሆን ይችላል! ማለት የነበረብኝ «ሊቭ ዜም ዊዝ ሚ» ነበር፤ እኔ ዘንድ አስቀምጡልኝ እንደማለት። «ሊቭ ኢት ቱ ሚ» ደግሞ «ነገሩን ለእኔ ተውልኝ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ለማለት ይሆናል። ግሱ ያው፣ ተውላጠ ስሙ ያው፤ «ቱ» እና «ዊዝ» ብቻ ተለዋወጡና አንዱ አደራ ሆነ፣ ሌላው ውርስ።

ሌላው በሥራዬ የማይቀረው «ዋን ኦፍ ዘ ፈርስት» የሚለው ነው። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን በ1978 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የመዘገባቸው 12 ሥፍራዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ይህን ስናገር «ዋን ኦፍ ዘ ፈርስት ትዌልቭ ሳይትስ» እላለሁ። ሦስት ነገር አስተውዪ፤ «ፈርስት» ከ«ትዌልቭ» ይቀድማል፣ «ዘ» አይቀርም፣ «ሳይትስ» በብዙ ቁጥር ነው፤ «ዋን» ብለን ስለጀመርን ብቻ «ሳይት» አንልም። ብዙ ባልደረቦቼ የሚሳሳቱት በመጨረሻው ላይ ነው፤ «ዋን ኦፍ ማይ ፍሬንድ» እንደሚሉት ማለት ነው።


እንግዳ ተቀባይዋ (ደሴ)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ «ፈረደልኝ»ና «ፈረደብኝ» ካነበብኩ ጀምሮ የማወራውን አማርኛ ራሱ እየሰማሁት ነው። ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልጠራልኝም። ማታ ማታ ለእንግዶች ቡና እናፈላለን። አንድ እንግዳ አቦሉንና ቶናውን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ በረካው እንደቀረ ልነግራቸው «ዜር ኢዝ ዘ ሰርድ» አልኩ። አብረዋቸው የነበሩት ሴት «ዜር ኢዝ ኤ ሰርድ?» ብለው በመገረም መልሰው ጠየቁኝ። መምህር ፊቱ ላይ «ዘ» ወይም «ማይ» ይቀመጣል ብለዋል፤ ታዲያ ያ «ኤ» ከየት መጣ?

ሁለተኛው ደግሞ ፎጣ ነው። ፎጣ ቀን እያለፈ እንደምንቀይር የሚገልጸው ወረቀት «ኤቭሪ አዘር ደይ» ይላል። «አዘር» ሌላ ማለት ከሆነ «በየሌላው ቀን» ምን ማለት ነው?


የቋንቋ ተማሪ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችሽ ሥራቸው ሊቀራረብ ይችላልና ሁለተኛውን ላስቀድም።

እንግሊዝኛ ጥንት «ሰከንድ» የሚባል ቃል አልነበረውም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የገባ ነው፤ መነሻው ላቲን ሲሆን ትርጉሙም «ተከታይ» ነበር። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ሁለተኛን የሚጠሩት «አዘር» ብለው ነው። አንዱ፣ ከዚያም ሌላው፤ ሌላው ማለት ሁለተኛው ማለት ነበር። «ሰከንድ» መጥቶ ቦታውን ሲወስድ «አዘር» ወደ ዛሬ ትርጉሙ ጠበበ፤ በ«ኤቭሪ አዘር ደይ» ውስጥ ግን አሮጌው ትርጉም ተቀምጦ ቀረ። ስለዚህ «በየሁለተኛው ቀን» ብለሽ አንብቢው፤ አንዱ ቀን ይታለፋል፣ ሁለተኛው ይያዛል። ፎጣው ሰኞ ከተቀየረ የሚቀጥለው ረቡዕ ነው።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ቅሪት አለ። «ረቡዕ» አራተኛ፣ «ሐሙስ» አምስተኛ ማለት እንደሆኑ ከእሑድ ጀምሮ የሚቆጥር ሁሉ ያገኘዋል፤ ቀኑን ስንጠራ ግን ቁጥሩን አናስበውም። ከመጀመሪያው ከግእዝ ቀጥሎ ያሉት የፊደላችን ስድስቱ እርከኖች፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ፣ ቅደም ተከተል የሚገልጹ የግእዝ ቃላት ናቸው፤ በአምስት ዓመታችን ከየኔታ ጋር ስንቆጥራቸው ያደግነው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያልን ነበር።

ወደ በረካው ልመለስ። «ዘ ሰርድ» ሲባል ሦስት መኖሩን ሁለታችንም አስቀድመን የምናውቀው ነገር ሆኖ ከመካከሉ አንዱ ይጠቀሳል። «ኤ ሰርድ» ሲባል ግን ሰሚው የሚያውቀው ሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው አሁን ይጨመራል፤ «ሌላ፣ ተጨማሪ» ማለት ነው። እንግዶችሽ በሁለተኛው ሲኒ ያበቃ መስሏቸው ነበርና ለእነሱ «ዜር ኢዝ ኤ ሰርድ ካፕ» ነበር የሚባለው። የቡናውን ሥርዓት ከነገርሻቸው በኋላ ግን «ዘ ሰርድ ካፕ ኢዝ ኮልድ በረካ» ትያለሽ፤ አሁን ያውቁታልና። «ኤ ሰከንድ ቻንስ» የሚለውም «ሌላ ዕድል» ነው እንጂ የተቆጠረ ዕድል አይደለም። የእኛ «ዳግም» ይህን በሚገባ ያሳያል፤ ሁለተኛም እንደገናም ማለት ነውና።

በዚያው ላይ፣ እንግዶችሽ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ አይተው ሲመለሱ ስለ ንጉሡ አማት ስለ ዳግማዊ ምኒልክ መጠየቃቸው አይቀርም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከ«ሜኔሊክ» በኋላ ሁለት ቋሚ መስመር ብቻ ታያለሽ፤ ያ የሮማውያን ቁጥር ነው። ሲነበብ ግን ያልተጻፈው «ዘ» ይነገራል፤ «ሜኔሊክ ዘ ሰከንድ» ይባላል። እኛ «ዳግማዊ»ን ከስሙ እናስቀድማለን፣ እነሱ ያስከትላሉ። የቀን አነባበብም እንደዚሁ ነው። እኛ «ግንቦት ሦስት» ብለን በመቁጠሪያ ቁጥር እንጠራለን፤ እነሱ ሦስትን ጽፈው «ሜይ ሰርድ» ወይም «ዘ ሰርድ ኦፍ ሜይ» ብለው ቅደም ተከተል በሚገልጽ ቃል ያነቡታል። ክፍል ሲያዝ በዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ አሜሪካውያን በቁጥር ብቻ ሲጽፉ ወሩን ስለሚያስቀድሙ 5/3 ለእነሱ ሜይ 3 ነው፣ ለእንግሊዞች ግን ማርች 5 ነው። የወሩን ስም በፊደል ማስጻፍ ይሻላል።

ከመምህር ጋር በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ሐረጉን እንዳለ መያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የቃሉን ታሪክ ያወቀ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ አይረሳም፤ መቶ ሐረግ ከመጻፍ ታሪኩን ማወቅ የሚቀል ይመስለኛል።


ጡረታ የወጡ መምህር (ወልድያ)

የኮምቦልቻው ልጄ፣ «ኤ ሰርድ» ላይ አርመኸኛል፤ ፊቱ ባዶ አይቀርም ማለቴ ልክ ቢሆንም «ኤ»ን መዝለሌ ጉድለት ነበር፣ አመሰግንሃለሁ። የ«አዘር»ን ታሪክ እኔም ለተማሪዎቼ በደስታ እነግር ነበር። ነገር ግን እንግዳ ቁልፍ ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ ታሪክ ለማስታወስ ጊዜ የለም፤ ያን ጊዜ የሚያድነው አፍ የለመደው ሐረግ ነው። «ዌት» ለምን «ፎር»ን፣ «ሊስን» ለምን «ቱ»ን እንደወሰዱ ደግሞ ታሪኩን ብትነግራትም ለሚቀጥለው ግስ አይሠራላትም። ስለዚህ ታሪኩ ለፍቅሩ፣ ሐረጉ ለሥራው ይሁን ብዬ እጸናለሁ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ በሆቴል ሥራ ብዙ ጊዜ ይመጣልና። «ፈርስት» እና «አት ፈርስት» አንድ አይደሉም። «መጀመሪያ ይህን ቅጽ ይሙሉ» ለማለት «ፈርስት፣ ፕሊስ ፊል ኢን ዚስ ፎርም» ነው። «አት ፈርስት» ካልሽ «መጀመሪያ ላይ» ማለትሽ ነው፤ በኋላ ነገሩ ተለወጠ የሚል ነገር ያስከትላል። ከላይ ወንድምሽ ከላሊበላ «መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር» ያለውን ተመልከቺ፤ አሁን እንዳልከበደው ሳይነግረን አወቅን። «ላይ» በአማርኛ የምትሠራውን «አት» በእንግሊዝኛ ትሠራዋለች። «አት ላስት»ም እንዲሁ «በመጨረሻ» ብቻ አይደለም፤ ስንጠብቀው ቆይተን ቆይተን መጣ ማለት ነው። አርፍዶ ለደረሰ እንግዳ «አት ላስት ዩ ኬም» ማለት እንደ ወቀሳ ይሰማል፤ ለእሱ «ዌልካም» ይበቃዋል። ከዚህ በፊት ደሴን አይተው እንደሆነ ለመጠየቅ ደግሞ «ኢዝ ዚስ ዩር ፈርስት ታይም ኢን ደሴ?» በዪ፤ «ዩር» ቦታውን ስለያዘች «ዘ» አትገባም።


እንግዳ ተቀባይዋ (ደሴ)

ከስልኩ አጠገብ የሚቀመጥ ካርቶን ላይ ይህን ጽፌያለሁ፦ «ዩር ሩም ኢዝ ኦን ዘ ሰከንድ ፍሎር፣ ቱ ፍሎርስ አፕ ፍሮም ሂር፣ ዘ ሰርድ ዶር ኦን ዩር ሌፍት። ፕሊስ ዌት ፎር ሚ፤ አይ ዊል ካም ዊዝ ዩ።» ዛሬ ጠዋት ለሁለት እንግዶች ተናግሬው ማንም መልሶ አልጠየቀኝም።

አንድ ልጨምር። የባቲን ገበያ ማየት ለሚፈልጉ «ገበያው ሰኞ ሰኞ ነው፤ በሚቀጥለው ሰኞ መሄድ ትችላላችሁ» ለማለት «ዘ ማርኬት ኢዝ ኦን መንደይ መንደይ፤ ዩ ካን ጎ ኦን ኔክስት መንደይ» ብል ያስኬዳል?


ጡረታ የወጡ መምህር (ወልድያ)

ካርቶኑ እንከን የለውም፣ ልጄ። የባቲው ላይ ሁለት እርማት አለኝ። እኛ ቀኑን ደግመን «ሰኞ ሰኞ» የምንለውን እነሱ በ«ስ» ያበዙታል፤ «ኦን መንደይስ» በዪ። «ኔክስት» ስትመጣ ደግሞ «ኦን» ትወጣለች፤ «ዩ ካን ጎ ኔክስት መንደይ»። «ላስት» እና «ዚስ» ሲመጡም «ኦን»ን እንዲሁ ያስወጧታል።